ከጅማ እስከ ቦሌ በደመና ውስጥ፦ የቤት ሲሙሌተር የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 7 ቀን 2017

ዛሬ ተጀመረ። ዓላማው አንድ ነው፦ በኮምፒዩተር ሲሙሌተር ከጅማው አባ ጅፋር ኤርፖርት ተነስቼ ቦሌ እስካርፍ፣ በመስታወቱ በኩል ወደ ውጭ ምንም ሳላይ በመሣሪያ ብቻ መብረር። ክረምት በገባ ቁጥር ኪው400 አውሮፕላን ከደመናው በላይ ሲዞር ድምፁን ብቻ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ፓይለቱ በዚያ ሰዓት ምን እያየ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ያለኝ ዕቃ፦ ኮር አይ 5 ዴስክቶፕ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 2 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ። ያገለገለ ባለ 19 ኢንች ሞኒተር 4,200 ብር። ያገለገለ ጆይስቲክ 5,500 ብር፤ እጀታው ሲጠመዘዝ ረደር (አፍንጫውን ግራ ቀኝ የሚያዞረው የጭራ ክፍል) ይሆናል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ መሣሪያ) ከሱቄ ነው፣ ባትሪው ያረጀ። ሶፍትዌሩ ፍላይትጊር የሚባል የበረራ ሲሙሌተር፣ አውሮፕላኑ ባለ አንድ ሞተሯ ትንሽ ሴስና 172ፒ። ፍላይትጊር ነፃ ነው፣ የውጭ ባንክ ካርድ አይጠይቅም። ከሁሉም በላይ ግን ውስጡ ያለውን ቁጥር በሙሉ፣ የመርፌውን አቋምም የቫኪዩሙን (የአየር መሳቢያውን) ግፊትም፣ ከውጭ ማንበብና መቀየር ይቻላል። ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ከዚህ የተሻለ የለም።

ሰኔ 10

ሲነሪ (የመሬቱን ገጽታ ፋይል) ማውረድ። ፍላይትጊር ዓለምን 10 ዲግሪ በ10 ዲግሪ እያደረገ በሳጥን ይከፍላል። ጅማም አዲስ አበባም ከምሥራቅ 30 እስከ 40፣ ከሰሜን 0 እስከ 10 ዲግሪ ባለው ሳጥን ውስጥ ስለሚወድቁ አንዱ ይበቃኛል። በሌሊት ፓኬጅ ሁለት ሌሊት ፈጀ። የመጀመሪያው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ዳውንሎዱ ከዜሮ ስለጀመረ፣ ካቆመበት መቀጠል በሚችል ዳውንሎደር ደገምኩት።

ማታ የመጀመሪያው ሙከራ። አውሮፕላኑ ሜዳው እስኪያልቅ ሮጦ አልነሳም አለ። ጆይስቲኩን ጠረጠርኩ፣ ካሊብሬሽን ደገምኩ፣ ያው ነው። ስህተቱ ሚክስቸር (ቤንዚንና አየር የሚመጥነው እጀታ) ነበር። ሙሉ ገፍቼ ትቼዋለሁ፤ የጅማ ሜዳ ደግሞ ወደ 5,500 ጫማ ግድም ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ለዚያ አየር ቤንዚኑ በዝቶበታል። የአውሮፕላኑ መመሪያ ከ3,000 ጫማ በላይ ከሆነው ሜዳ ከመነሳት በፊት ሚክስቸሩን ቀንስ ይላል። ቆሜ ሙሉ ጋዝ ሰጥቼ፣ አርፒኤሙ (የሞተሩ ዙር) ከፍተኛው ላይ እስኪደርስ ሚክስቸሩን ቀስ እያልኩ ሳብኩት። ተነሳ። ቦሌማ 7,625 ጫማ ላይ ነው፤ 20 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ቀን ሞተሩ 10,000 ጫማ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚተነፍሰው።

ሰኔ 16

ደመናውን 300 ጫማ ላይ አወረድኩት። ደመና ውስጥ ከገባሁ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ክንፌ ተጋድሞ እየተጠማዘዝኩ እወርድ ነበር። አራት ጊዜ ሞከርኩ፣ አራቱንም እንደዚያው።

የሆነውን ለማየት ስክሪኑን ቀርጬ ደጋግሜ አየሁት። አልቲሜትሩ (ከፍታ መለኪያው) 100 ጫማ ሲጎድል እሱ ላይ አፈጣለሁ። እሱን እያስተካከልኩ ሳለ ክንፉ 10 ዲግሪ ያጋድላል፣ አላየሁትም። ካጋደለ አፍንጫው ይወርዳል፤ አልቲሜትሩ ይበልጥ ይጎድላል፤ እኔ እስቲኩን ይበልጥ እስባለሁ። ክንፉ ሳይቀና መሳብ ደግሞ ጥምዝዙን ያጠብቀዋል።

አዲሱ ልምምድ፦ ዓይኔ ከአቲቲዩድ ኢንዲኬተር (የአውሮፕላኑን አቋም ከአድማሱ ጋር ከሚያሳየው) ተነስቶ ወደ አንድ መሣሪያ ይሄዳል፣ ተመልሶ አቲቲዩድ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ሁለት መሣሪያ ተከታትሎ አይታይም፣ መመለስ ግዴታ ነው። በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ዓይን ይደክማል። ለመዞሪያው በሰከንድ 3 ዲግሪ፣ ማለትም ሙሉ ክብ በ2 ደቂቃ። የሚያስፈልገውን ማጋደል ለማግኘት እውነተኛውን ፍጥነት ለ10 አካፍሎ 7 መደመር ነው። እዚህ ላይ ከፍታችን ይገባል፤ 9,000 ጫማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ መሣሪያው 90 ኖት (በሰዓት ኖቲካል ማይል) ሲል እውነተኛው ፍጥነት ወደ 106 ነው፤ ስለዚህ 16 ሳይሆን 18 ዲግሪ ግድም።

ሰኔ 24

መጥፎው ነገር ማውሱ ነው። የቪኦአሩን (ከመሬት የሬዲዮ ጣቢያ አቅጣጫ የሚቀበለውን መሣሪያ) ኦቢኤስ፣ ማለትም የአቅጣጫ መምረጫ ቁልፍ፣ ለማዞር ማውስ ስፈልግ፣ ቀስቱን ቁልፉ ላይ ሳሳርፍ፣ ሦስት አራት ሰከንድ ዓይኔ ከመሣሪያዎቹ ይጠፋል። በዚያ መሀል አውሮፕላኑ ያጋድላል። በእጅ ዳብሶ የሚገኝ እውነተኛ ቁልፍ ያስፈልጋል።

ከአዲስ አበባ በመኪና አስላክሁ፦ አርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰርኪት) 1,900 ብር፣ አራት ሮታሪ ኢንኮደር (መዞሩን የሚቆጥር ቁልፍ) እያንዳንዱ 280 ብር። ኡኖው ስህተት ሆነ። የኡኖው ዋና ቺፕ የራሱ ዩኤስቢ የለውም፤ ኮምፒዩተሩ የሚያየው ሲሪያል ፖርት ነው እንጂ ጆይስቲክ አይደለም። በሲሪያልም ፍላይትጊርን ማናገር ይቻላል፣ ሁለት ቀን ሞከርኩት፣ ሠራም። ግን ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር የፖርቱ ቁጥር እየተቀየረ አስቸገረኝ። ሊዮናርዶ የሚባለው አርዱዊኖ ግን ዩኤስቢው ቺፑ ውስጥ ስላለ ራሱን ጆይስቲክ ነኝ ብሎ ያስተዋውቃል። 2,600 ብር ተጨመረ። ኡኖው ለሱቅ ሥራ ይውላል፣ አልጣልኩትም።

ሐምሌ 2

ኢንኮደሩ። በጣት ሲዞር ቀጭ ቀጭ ይላል፣ በአንድ ዙር 20 ጊዜ። አንድ ቀጭታ አንድ ዲግሪ እንዲሆን ነው የፈለግኩት። የመጣው ግን አንዴ ሁለት፣ አንዴ ዜሮ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ። 056 ዲግሪ ላይ ላቁም ስል 058፣ መልሼ ሳዞር 057፣ እንደገና 058።

ኦሲሎስኮፕ ላይ አደረግሁት። ውስጡ ያለችው ትንሽ ምላስ ብረቱን ስትነካ አንድ ጊዜ ነክታ አትቀመጥም፤ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ ትነጥራለች። አርዱዊኖው እያንዳንዱን ንጥረት ይቆጥራል። ከሁለቱም የሲግናል እግሮች ወደ ግራውንድ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በስታኞ አሰርኩ። መነጠሩ ወደ ለስላሳ ዳገት ተቀየረ። የቀረው የፕሮግራሙ ጥፋት ነው፤ ሉፑ ውስጥ የዘነጋሁት ዲሌይ (ፕሮግራሙን ቆም የሚያደርግ ትእዛዝ) ነበር፣ ቶሎ ሳዞር ቀጭታ ይዘላል። ኢንተራፕት (ቀጭታው ራሱ ቺፑን የሚጠራበት መንገድ) ላይ አደረግሁት። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ አሥር ቀጭታ ካዞርኩ አሥር ዲግሪ ነው።

ሐምሌ 9

ፓነል። ስድስቱ ዋና የበረራ መሣሪያዎች ከሞኒተሩ ፊት በሚቆም ሰሌዳ ቀዳዳ በኩል እንዲታዩ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ለክቼ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩ፣ አናጺ ቤት ወሰድኩት። ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ) ቁራጭ 450 ብር፣ የእጅ 800 ብር። የዚህ ስፋት ክብ መቁረጫ ስላልነበራቸው ስድስቱንም በቀጭን መጋዝ በእጃቸው ቆረጡልኝ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት።

ቤት ወስጄ ስገጥመው የግራው መሣሪያ ልክ ነው፣ የቀኙ ግን አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል። አታሚው ወረቀቱ እንዲበቃው ብሎ ሥዕሉን ወደ 96 ከመቶ አሳንሶታል። በ28 ሴንቲ ሜትር ላይ ልዩነቱ 1 ሴንቲ ሜትር አለፈ። ከዚህ በኋላ የሚታተም ሁሉ ጥግ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር መስመር ይኖረዋል፤ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሳልወጣ በማስመሪያ እለካዋለሁ።

ለጊዜው የፍላይትጊሩን እይታ በትንሹ አሳንሼ ከቀዳዳዎቹ ጋር አስማማሁት።

ሐምሌ 17

ሁለት ሌሊት ያለ ጥቅም የጠፋበት ሳምንት፣ ግን ብዙ የተማርኩበት።

ከጅማ ወደ ቦሌ ቀጥታው 142 ኖቲካል ማይል ያህል ነው፣ አቅጣጫው ከእውነተኛው ሰሜን 056። ተነስቼ የአዲስ አበባን ቪኦአር ፍሪኩዌንሲ አስገባሁ። መርፌው መሀል ላይ ደርቆ ቀረ፣ ሲግናል የለም የሚለው ቀዩ ባንዲራ አልወረደም። ኦቢኤሱን አዞርኩ፣ ምንም የለም። ገመድ ነው አልኩ። ኢንኮደሩን ነቀልኩ፣ እያንዳንዱን እግር በመልቲሜትር ነካካሁ፣ ደህና የነበረውን ስታኞ አቅልጬ ደግሜ አሰርኩ፣ ፕሮግራሙን ከዜሮ ጻፍኩ። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት። በማግስቱም እንደዚያው።

ሦስተኛው ቀን ደክሞኝ ዝም ብዬ አውሮፕላኑን በ056 አቅጣጫ 11,000 ጫማ ላይ ለቀቅሁትና ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ወልቂጤ አካባቢ ነው። ዓይኔ እያየ ባንዲራው ተንቀጠቀጠ፣ ወረደ፣ መርፌው ሕይወት ዘራ።

ጥፋት የሚባል ነገር አልነበረም። የቪኦአር ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥታ ነው የሚሄደው፤ የመሬቱ ክብነት ይጋርደዋል። የሚደርስበትን ለማወቅ በአውሮፕላኑና በጣቢያው መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት በጫማ ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ1.23 ማባዛት ነው። ጣቢያው 7,600 ግድም፣ እኔ 11,000፣ ልዩነቱ 3,400። ስኩዌር ሩቱ 58፣ በ1.23 ሲባዛ 71 ኖቲካል ማይል። የቀጥታው መስመር በወልቂጤ ላይ ነው የሚያልፈው፣ ወልቂጤ ደግሞ ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ናት። ሒሳቡን ቀድሜ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ መርፌው ምን ሰዓት ላይ እንደሚነቃ አውቅ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው እኩሌታ በሰዓትና በኮምፓስ ነው። ንፋሱን አስቀድሞ አስልቶ አቅጣጫውን ማረም፣ ሰዓት ይዞ መብረር፣ ሄዲንግ ኢንዲኬተሩን (አቅጣጫ ማሳያውን) በየ15 ደቂቃው ከኮምፓሱ ጋር ማስተካከል፤ ውስጡ የሚሽከረከረው ጋይሮ ስለሚንሸራተት። አንድ ቀን ይህን ሳልሠራ ቀርቼ መርፌው ሲነቃ ከመስመሩ 8 ዲግሪ ወጥቼ አገኘሁት። ከጣቢያው 70 ኖቲካል ማይል ላይ 8 ዲግሪ ማለት ወደ 10 ኖቲካል ማይል ነው።

ሐምሌ 25

አይኤልኤስ (አውሮፕላኑን በሬዲዮ ሞገድ ወደ ሜዳው የሚመራው) ተጀመረ። ግራ ቀኙን የሚመራው ሎካላይዘሩ ከቪኦአር አራት እጥፍ ስሱ ነው፤ በቪኦአር መርፌው ጥግ የሚደርሰው 10 ዲግሪ ስወጣ ነው፣ በሎካላይዘር 2.5 ዲግሪ ይበቃዋል። በቪኦአር እንደለመድኩት በ20 ዲግሪ ሳርም መርፌውን ከግራ ቀኝ ሳሯሩጥ ዋልኩ። አሁን ከ5 ዲግሪ በላይ አላርምም። ለቁልቁለቱ የመሬት ፍጥነትን በ5 ማባዛት፤ 105 ኖት ከሆነ በደቂቃ 525 ጫማ። ይህን ቪኤስአይ (የመውጣትና የመውረድ ፍጥነት ማሳያው) ላይ ይዤ ግላይድስሎፑን (የቁልቁለቱን መሪ ሞገድ) በጥቂቱ ብቻ እነካካለሁ።

ትልቁ ስህተት የመጣው ከአልቲሜትር ነው። ለቦሌ የሰጠሁት የአየር ግፊት 1025 ሄክቶፓስካል ነበር። የሴስናው አልቲሜትር የግፊት ማስገቢያ መስኮት በኢንች ሜርኩሪ ስለሆነ በ0.02953 ይባዛል፣ 30.27 ይመጣል። ወረቀት ላይ በትክክል ጻፍኩት። ሳስገባው ግን 30.72 አድርጌዋለሁ፤ 2 እና 7 ቦታ ተቀያይረው። መርፌዎቹ ሁለቱም መሀል ላይ ናቸው፣ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ከሁሉ ያማረ አቀራረብ ነበር። የመወሰኛ ከፍታዬን (ሜዳው ካልታየኝ ተመልሼ የምወጣበትን) 7,825 አድርጌ እየጠበቅሁ፣ አልቲሜትሩ ገና 8,040 ግድም ሲል ጎማው አስፋልቱን መታ። ከ400 ጫማ በላይ ውሸት ነበር የሚነግረኝ። ደግነቱ ግላይድስሎፑ ወደ ሜዳው ይዞኝ መጣ። ግላይድስሎፕ በሌለው አቀራረብ ቢሆን ኮረብታ ነበር።

ከዚህ ወዲህ ሁለት ማረጋገጫ አለኝ። መነሻ ላይ አልቲሜትሩ የሜዳውን ከፍታ ካላሳየ አልነሳም። አቀራረብ ላይ ደግሞ ከሜዳው ጫፍ 4 ኖቲካል ማይል ስደርስ በ3 ዲግሪው ቁልቁለት ላይ ከሆንኩ ከሜዳው 1,300 ጫማ ያህል ከፍ ማለት አለብኝ፤ ለቦሌ 8,925። ከ100 ጫማ በላይ ከተለየ ጋዝ ሰጥቼ እወጣለሁ፣ ምክንያቱን በኋላ እፈልጋለሁ።

ነሐሴ 3

ኤምዲኤፉ አበጠ። ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነበር፣ ግድግዳው እርጥበት ይዟል፣ የታችኛው ጠርዝ እንደ ዳቦ ተነፍቶ የኢንኮደሮቹን ቀዳዳ አጠበበ። አንዱ ቁልፍ ጭራሽ አልዞርም አለ። አናጺው ጋ ይዤው ሄድኩ። በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉትና፣

«ይሄ የተጨመቀ ዱቄት ነው፣ የኔ ልጅ። ለጅማ ክረምት ዋንዛ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ዋንዛውማ ይከብድብኛል፣ ዋጋውም» አልኳቸው።

«የበርጩማ ትራፊ አለኝ፣ ለጥፌ እሠራልሃለሁ። የእጄን ብቻ ትከፍላለህ።»

ሦስት ቁራጭ በኮላ አያይዘው፣ በዚህ ጊዜ ልኬቱን ራሴ በማስመሪያ አረጋግጬ፣ በሁለት ቀን ሠሩት። 1,200 ብር፣ ቫርኒሹን ጨምሮ። ቀዳዳዎቹ ከመሣሪያዎቹ ጋር ልክ ገጠሙ። ቁልፎቹ እንጨት ውስጥ ሲዞሩ ድምፃቸው ራሱ ሌላ ነው።

ነሐሴ 12

እህቴ ለክረምት ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጥታለች። ፍላይትጊር በኔትወርክ ዌብ ሰርቨር ይከፍታል፤ በስልኳ ብራውዘር ገብታ የፈለገችውን መሣሪያ በፈለገችበት ሰዓት ታበላሻለች። መቼና የቱን እንደሆነ አትነግረኝም።

የመጀመሪያው ቀን ቫኪዩሙን አጠፋች። አቲቲዩድና ሄዲንግ ኢንዲኬተሮች በቫኪዩም ነው የሚሽከረከሩት። ክፋቱ ወዲያው አይሞቱም። ጋይሮው እየዘገመ ሄዶ አቲቲዩዱ አውሮፕላኑ በዝግታ ወደ ግራ እንዳጋደለ ማሳየት ጀመረ፤ እኔ ደግሞ እውነት መስሎኝ ወደ ቀኝ አረምኩ። ከዚያም ጨመርኩ። ሰኔ ላይ ጥርሴን ነክሼ የተማርኩት፣ ዓይኔን ወደ አቲቲዩድ የመመለስ ልማድ፣ ይዞኝ ገደል ገባ። ተርን ኮርዲኔተሩ (መዞርን በትንሽ አውሮፕላን ሥዕል የሚያሳየው) በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ደህና ነበር፣ ወደ ቀኝ እየዞርክ ነው እያለ ይነግረኝ ነበር። አየሁት፣ አላመንኩትም።

«ወንድምዬ፣ ትንሿ አውሮፕላን እኮ ተጋድማ ነበር» አለችኝ ሲያልቅ፣ ተርን ኮርዲኔተሩን በጣቷ እያሳየችኝ።

ስለ ቦሌ አንድ የምርመራ ሪፖርት አንብቤ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2003 ሌሊት ወደ ቦሌ የሚቀርብ ኤርባስ ኤ320 ከኤርፖርቱ ሰሜን ምሥራቅ ባለው ከፍተኛ ቦታ ላይ በ56 ጫማ ልዩነት አልፏል። የቪኦአሩ አንቴና ገመድ ውስጥ ውኃ ገብቶ ጣቢያው የተሳሳተ አቅጣጫ ይሰጥ ነበር። የአውሮፕላኑ ካርታም ቦታውን የሚያሰላው ከዚያው ቪኦአር ስለነበር መርፌውና ካርታው ተስማሙ። ያን ጊዜ ሳነበው የገመድ ችግር አድርጌ ነው ያየሁት። አሁን ግን ሌላ ነገር ታየኝ፦ ሁለት መሣሪያ ተስማማ ማለት ከአንድ ምንጭ የሚጠጡ ከሆነ አንድ መሣሪያ ነው።

ስለዚህ ስድስቱን በሚመገቡበት ለይቼ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ ፓነሉ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩት። አቲቲዩድና ሄዲንግ ከቫኪዩም። ተርን ኮርዲኔተር ከኤሌክትሪክ። ኤርስፒድ (ፍጥነት መለኪያው)፣ አልቲሜትርና ቪኤስአይ ከውጭው አየር። ማንኛውንም ነገር የማምነው ከሌላ ምንጭ የሚበላ መሣሪያ ሲመሰክርለት ነው። የቫኪዩም ጌጁም ወደ ዓይኔ ዙር ገባ፤ 5 ኢንች አካባቢ መሆን አለበት።

ነሐሴ 21

ያለ አቲቲዩድና ሄዲንግ መብረር። የቀረኝ አቅጣጫ ነጋሪ ማግኔት ኮምፓሱ ብቻ ነው። መጽሐፉ ወደ ሰሜን ሲዞሩ ኮምፓሱ ይዘገያል፣ ወደ ደቡብ ሲዞሩ ይቀድማል፣ ስለዚህ ቀድመህ ወይም አሳልፈህ አቁም ይላል። እንደዚያ ሳደርግ በየጊዜው 20 ዲግሪ ያህል ተሳሳትኩ። ምክንያቱ ደስ የሚል ነው፦ ያ ስህተት የሚመጣው የምድር ማግኔት መስመር ወደ መሬት ሲያዘቀዝቅ ነው፣ የማግኔት ኢኳተር ደግሞ በእኛ አገር ላይ ያልፋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ይህ አቀማመጥ ነበር። እዚህ መስመሩ ከሞላ ጎደል ጠፍጣፋ ነው፤ ፍላይትጊርም ይህን ያሰላዋል። ለአውሮፓና ለአሜሪካ የተጻፈውን ደንብ ትቼ፣ ኮምፓሱን እንዳለ አንብቤ፣ በሰዓት በሰከንድ 3 ዲግሪ እየዞርኩ ሳቆም ስህተቴ ከ5 ዲግሪ በታች ሆነ።

መስከረም 4 ቀን 2018

ያወጣሁትን ደመርኩ፦ ኮምፒዩተሩንና ዩፒኤሱን ሳይጨምር 18,000 ብር አካባቢ። ከዚህ ውስጥ ኡኖውና ኤምዲኤፉ፣ ከእጅ ጋር ወደ 3,150 ብር፣ የስህተት ዋጋ ነው።

ሙሉው ጉዞ ሦስት ጊዜ። መለኪያዬ፦ ከፍታ ከ100 ጫማ፣ የሎካላይዘር መርፌ ከመሀል ከግማሽ ነጥብ ሳይወጣ። የመጀመሪያው አልተሳካም፤ ቦሌ አጠገብ ሆልዲንግ (ተራ ለመጠበቅ እየዞሩ መቆየት) ስገባ ንፋሱን ረስቼ ወደ ጣቢያው የሚመለሰው የ1 ደቂቃ መስመር 1 ደቂቃ ከ40 ወሰደ። ሁለተኛው ተሳካ፣ እህቴም ምንም አላበላሸችም።

ሦስተኛው ትናንት ማታ። ከወልቂጤ ትንሽ አልፎ የቫኪዩም ጌጁ ከ5 ወደ 3 ሲወርድ አየሁት፣ አድማሱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ። ሁለቱን መሣሪያዎች በፕላስተር ሸፈንኳቸው፤ ከማየው አለማየቱ ይሻላል። ቀሪውን በተርን ኮርዲኔተር፣ በኮምፓስና በሰዓት። ሎካላይዘሩን ይዤ 4 ኖቲካል ማይል ላይ አልቲሜትሩ 8,960 አለ፤ 35 ጫማ ልዩነት። 8,400 ላይ መብራት ጠፋ። ክፍሉ ጨለመ፣ ዩፒኤሱ መጮህ ጀመረ፣ ሞኒተሩ አልጠፋም። እህቴ የስልኳን መብራት ሰዓቱ ላይ ያዘችልኝ። 7,825 ላይ ቀና ስል የሜዳው መብራት ፊት ለፊት ነበር፣ ትንሽ ወደ ግራ። ጎማው ሲነካ ዩፒኤሱ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ጮኾ ነበር፤ ሞተሩን ሳላጠፋ ሁሉም ጠፋ።

ነገ የዩፒኤሱን ባትሪ እቀይራለሁ። የኤዲኤፉ (የሌላው የሬዲዮ አቅጣጫ ጠቋሚ) ቁልፍም ገና ኢንኮደር አልተሠራለትም።